የፌንጣ ጉልበት

እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም በዚያ ትምህርት ቤት የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። ለሌላው ሁሉ እትዬ ገናነሽ ነች። ስሙን ያወጡላት ተማሪዎቹ ናቸው። ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ትከሻው የወለቀበት፣ የጭኑ ጡንቻ የተሸመቀቀበት ሁሉ በሯን አንኳኩቶ «እትዬ፣ መጫወት እችላለሁ?» ሲላት መልሷ አንድ ነው። ለወንዱ «ገና ነህ»፣ ለሴቷ «ገና ነሽ»። ቅጽሉ መጀመሪያ በሹክሹክታ ነበር፤ ኋላ በግላጭ ሆነ። በመጨረሻ አንድ አዲስ መጥ የሒሳብ መምህር እውነተኛ ስሟ መስሎት በሙሉ ስብሰባ ፊት «ወይዘሮ ገናነሽ ምን ይላሉ?» ብሎ ጠየቃት። ማረሙ ሰለቻትና «አቤት» አለች። ከዚያ ወዲያ ስሙ ጸደቀ።

በሙያዋ ፊዚዮቴራፒስት ናት። ቃሉ ስለሚረዝምባቸው ተማሪዎቹም አሰልጣኞቹም «ወጌሻዋ» ይሏታል፤ እሱንም ለምዳዋለች። ክፍሏ ከስፖርት አዳራሹ መቀመጫዎች ሥር ያለች፣ ቀድሞ የኳስ ማስቀመጫ የነበረች ጠባብ ቤት ናት። ጣሪያው እንደ ደረጃው ዘቅዝቆ ስለሚወርድ የቅርጫት ኳስ ልጆች ለእግራቸው መጥተው ግንባራቸውን ይዘው የሚወጡበት ቀን አለ። ሁለት አልጋ፣ ሲነዱት የሚያቃስት የማይንቀሳቀስ ብስክሌት፣ ለበረዶ የተገዛች ትንሽ ማቀዝቀዣ አለቻት። በማቀዝቀዣዋ ውስጥ ከበረዶው ይልቅ የመምህራን ምሳ ይበዛል። ግድግዳው ላይ የጉልበት ሥዕል ተለጥፏል፤ ከጉልበቱ ሎሚ በታች አንድ የማይታወቅ ባለሙያ ጢም ስሎበታል።

እዚህ ከመምጣቷ በፊት አሥራ ስምንት ዓመት ሆስፒታል ሠርታለች። ሕመምተኞቿ ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ያላቸው አረጋውያን ነበሩ። አንዲት ጣት ለማንቀሳቀስ ሦስት ወር ይደክማሉ። አሥር ጊዜ ስትላቸው አሥሩን በትክክል ሠርተው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ይጠብቋታል። ወደ ትምህርት ቤት ስትዛወር ሥራው የሚቀልላት መስሏት ነበር። አጥንታቸው ለጋ ነው፣ ደማቸው ትኩስ ነው፣ ቁስላቸው ቶሎ ይሽራል ብላ። ያላሰበችው ጆሯቸውን ነው።

በክፍሏ ውስጥ አንድ ተረት ክልክል ነው። አንዱን ተጎጂ «ቀስ በል» ስትለው፣ አንገቱን እየነቀነቀ «እውነትዎን ነው እትዬ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላታል። በማግስቱ እያነከሰ ኳስ ሲያሳድድ ታገኘዋለች። አንድ ቀን አምስተኛው ሰው ሲተርትባት «እንቁላሉን ተዉልኝ፤ እሱ ታዛዥ ነው» አለች። ከዚያን ቀን ጀምሮ ተረቱን የሚያነሳ የለም። ማሳደዱ ግን አልቀረም።

ፌንጣ የምትባለው ልጅ የመጣችባት እንግዲህ በዚህ ሁኔታ ላይ እያለች ነው። ፌንጣ የአሥራ ሰባት ዓመት የመረብ ኳስ ተጫዋች ናት። ቁመቷ ከጓደኞቿ አይበልጥም፤ ስትዘል ግን ክርኗ ከመረቡ በላይ ይታያል። ኳሱን የሚያቀብሏት ልጆች «ወደ ላይ ጣሉት እንጂ፣ እሷ ሄዳ ታመጣዋለች» ይላሉ። የጎዳት ተጋጣሚ የለም፤ ግጥሚያም አልነበረም። ተራ የልምምድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ብቻዋን ዘላ ብቻዋን ወረደች። ግራ እግሯ መሬት ሲነካ ጉልበቷ ወደ ውስጥ፣ ሰውነቷ ወደ ውጭ ሄደ። በአጠገቧ የነበሩት ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሰሙ መሰላቸው።

እትዬ ገናነሽ ተጠርታ ስትደርስ አሰልጣኙ ተንበርክኮ ጉልበቷን ያጥፋል፣ ይዘረጋል። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ቡድኑን ከልቡ የሚወድ፣ ሰው ሲጎዳበት ቁጭ ማለት የማይችል ልጅ ነው። «እጅህን አንሳ» አለችው። አነሳ። እሷ በሁለት እጇ ቅልጥሙን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ፊት ስትስበው ሊቆም የሚገባው ቦታ ላይ አልቆመም። ፌንጣ የእሷን ፊት አይታ ማልቀስ ጀመረች።

በጉልበት ውስጥ ጭንንና ቅልጥምን አቆራኝቶ የሚይዘው ጅማት ተበጥሷል። ቀዶ ጥገና ተደረገላት፤ ከራሷ ጭን ጀርባ ጅማት ተወስዶ በተበጠሰው ቦታ ተተካ። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን ሐኪሙ እሷን፣ አናጺ አባቷን፣ አሰልጣኙንና እትዬ ገናነሽን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ረጋ ብሎ አስረዳ። በስድስተኛው ወር ገደማ ቀስ ብላ መዝለል ትለማመዳለች፤ ወደ ግጥሚያ የምትመለሰው ግን ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው፤ ያውም የጥንካሬ ፈተናውን ካለፈች።

አራቱም አንድ ቃል ሰምተው በአንድ በር ወጡ። ደረጃውን ሳይጨርሱ አሰልጣኙ «ስድስት ወር አለ አይደል?» አለ። አናጺው ደግሞ ለፍጻሜው ግጥሚያ ትደርሳለች ማለት ነው ብሎ ለሚስቱ ስልክ ደወለ። ፌንጣ በክራንቿ መሀል ሆና፣ ጠንካራ ለሆነ ሰው ቶሎ እንደሚያልፍ ሐኪሙ በዓይኑ እንደነገራት አስረዳች። እትዬ ገናነሽ ያን ዕለት ቤቷ ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ ለባሏ እንዲህ አለችው፤

«አንዲት ሴት አረገዝኩ ስትል ዘመድ ተሰብስቦ በስድስት ወር ብትጨርሺው ምናለ ይላታል? አይላትም። ጉልበት ሲሆን ግን ዓለም በሙሉ ወር ያስቀንሳል።»

ባሏ ሶፋው ላይ በጎኑ ተኝቶ ጋዜጣ ያነባል። በመጋዘን ሥራ ወገቡን ከታመመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ጠዋትና ማታ መሬት ላይ ተኝቶ የሚሠራው አራት ዓይነት እንቅስቃሴ ሰጥታዋለች። ሠራህ ስትለው ሠርቻለሁ ይላል፤ ምንጣፉ ግን እሷ እንዳሰረችው ታስሮ ከበሩ ኋላ እንደቆመ ነው። እሱንም ለመቆጣት ጉልበት ያነሳት ጊዜ አለ።

ፌንጣ ሥራዋን ጀመረች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሥራ ከውጭ ለሚያይ ሰው ሥራ አይመስልም። ጉልበትን አጥብቆ መዘርጋት፣ ተረከዝን ወደ መቀመጫ መሳብ፣ እግርን ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ግራ ጭኗ በአንድ ወር ውስጥ ከቀኙ አራት ሴንቲ ሜትር ቀጠነ። እትዬ ገናነሽ ከሰነፍ ተማሪ ጋር መዋጋት ታውቅበታለች። ይህቺ ግን ሃያ ስትላት አርባ የምትሠራ፣ በቀን አንድ ጊዜ ስትላት ሦስት ጊዜ የምትደግም ሆነችባት። ሰነፉን መቆጣት ይቻላል፤ እንዴት ትተጊያለሽ ብሎ ግን ማን ይቆጣል? እሷ ተቆጣች። ትርፉ ሁሉ መድኃኒት አይደለም፣ ክኒኑን አንድ ላይ ብትውጪው ቶሎ ትድኛለሽ እንዴ አለቻት። ፌንጣ እሺ አለች። እሺታዋ ፈጣን ነበር፤ እትዬ ገናነሽ ደግሞ ፈጣን እሺታን አታምንም።

በአምስተኛው ወር ጉልበቱ አብጦ መጣ። ሎሚውን በአውራ ጣቷ ስትጫነው ውሃ ላይ እንዳለ ሳንቃ ሰመጥ ብሎ ተመለሰ። ምን ሆነ ስትላት መታጠቢያ ቤት አዳለጠኝ አለች። በረዶ አደረገችላት፣ ሳምንት አሳረፈቻት፣ እብጠቱ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት እንደገና አብጦ መጣ። አሁንም መታጠቢያ ቤቱ ነው። እትዬ ገናነሽ የዚያን ቤት ወለል ምን ያህል ቢያዳልጥ ነው ብላ አሰበችና ነገሩን በሆዷ ያዘችው።

ነገሩን ያወጣው ሰው ራሱ አናጺው ነው፤ ያውም በኩራት። አንድ ጠዋት ሊያመሰግናት መጣ። ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ጣቶቹ እንደ ጥርብ እንጨት የደረቁ፣ ከወገቡ ላይ የብረት ሜትር የማይለየው ሰው ነው። ልጁ እየበረታች ስለሆነ እግዜር ይስጥልኝ አለ። ከዚያም እሱም በበኩሉ እጁን አጣጥፎ እንዳልተቀመጠ ነገራት። አሰልጣኙ ንድፍ ብጤ ልኮለት፣ ለልጁ መዝለያ የሚሆን ሣጥን ሠርቶላታል። ወርዱ ስልሳ፣ ቁመቱ ስልሳ፣ ምርጥ ጣውላ፣ ማዕዘኑ በብረት የተያያዘ። በየቀኑ ከትምህርት መልስ ጓሮ ውስጥ ሃምሳ ጊዜ እየወጣች ትዘልበታለች።

«ዝሆን ቢቆምበት አይነቃነቅም» አላት።

እትዬ ገናነሽ ወንበር ስባ አስቀመጠችው። የሰውየው ፊት በደስታ ስላበራ ደሟ የፈላበትን ያህል መናገር አልቻለችም። ቀስ ብላ፣ እብጠቱ ከየት እንደመጣ፣ አዲሱ ጅማት ገና ሥር እንዳልያዘ ችግኝ እንደሆነ፣ ሕመም መጥፋትና መዳን ሁለት ነገር እንደሆኑ አስረዳችው። ሰማት። አስተያየቱ ግን በሠራው ሣጥን ላይ ነቀፌታ እንደቀረበበት ሰው ነበር። ሣጥኑን አምጡልኝ፣ ጊዜው ሲደርስ እዚሁ በፊቴ ትዘልበታለች አለችው። አመጣው። ሣጥኑም ለአንድ ሳምንት ያህል ማን ፈቀደልሽ በሚል ዓይነት አልጋዎቹን አጣብቦ መሀል ክፍል ተቀመጠባት፤ በሩን ስትከፍት ክርኗን ይመታታል።

ፌንጣን ብቻዋን አስቀምጣ ጠየቀቻት። ልጅቱ አልካደችም።

«እትዬ፣ እርስዎ ወር ነው የሚቆጥሩት» አለች፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ግራ እግሯን እያየች። «እኔ ወር የለኝም። ይሄ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። የክለብ መልማዮቹ የሚመጡት ለፍጻሜው ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ጉልበቴ ቢድን ማን ያየዋል?»

እትዬ ገናነሽ መልስ ፈለገች። ጤና ይበልጣል፣ ዕድሜ ልክሽን የምትራመጂበት ነው፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ ሁሉም እውነት ነው፣ አንዱም ግን ለጥያቄው መልስ አልነበረም። ከምንም በላይ ያናደዳት ይህ ነው። ልጅቱ ጅል ብትሆን ይቀላት ነበር።

ቡድኑ ያለ ፌንጣም ቢሆን እየተንገዳገደ ለፍጻሜ ደረሰ። ቀኑ ሲቆጠር ከቀዶ ጥገናው ስድስት ወር ተኩል ላይ ይውላል። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ የእትዬ ገናነሽ በር አላረፈም። አሰልጣኙ ጠዋት መጥቶ አንድ ዙር ብቻ ትግባ አለ፤ ከሰዓት መጥቶ ሁለት ነጥብ ብቻ አለ፤ በማግስቱ ደግሞ ተቀይራ ትቀመጥ፣ ተጋጣሚው አይቷት ይፍራ እንጂ አትገባም አለ። ቅዳሜ ለሚዘል ጉልበት ረቡዕ ለት ዋጋ የሚደራደር ሰው ስታይ የመጀመሪያዋ አልነበረምና ሦስቱንም ጊዜ አንገቷን ነቀነቀች። የቡድኑ ልጆች በመተላለፊያው ሲያገኟት ሰላምታቸውን አሳጠሩባት። የመምህራን ምሳ እንኳን ከማቀዝቀዣዋ ጠፋ፤ ይኸኛውስ ሳያስከፋት ቀረ።

ሐሙስ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ቢሮ አስጠራት። በእጁ አንድ ወረቀት አለ። አሰልጣኙና አናጺው ልጅቱን ወደ ሌላ ሐኪም ወስደዋታል። ሐኪሙ ከበሩ እስከ መስኮቱ አስኪዶ፣ ቁጢጥ አሰኝቶ፣ ያምሻል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ አያመኝም ስትለው «መጫወት ትችላለች» ብሎ ፈርሞ ማኅተም መቶበታል። ርዕሰ መምህሩ ከሥሩ እሷም እንድትፈርምበት ፈለገ። ጥሩ ሰው ነው፤ ጥፋቱ ሰውን ሁሉ ደስ ማሰኘት መፈለጉ ብቻ ነው። ለትምህርት ቤቱ ስም፣ ለልጅቱም ዕድል ሲባል እንጂ በእሷ ሙያ ጣልቃ ሊገባ እንዳልሆነ በረጅሙ አስረዳት።

አልፈርምም አለች።

ርዕሰ መምህሩ መነጽሩን አውልቆ ጠረገ። ከዚያም በደንቡ መሠረት የሐኪም ወረቀት ስላለ የእርሷ ፊርማ የግድ እንዳልሆነ፣ ለክብሯ ብሎ እንጂ ባይጠይቃትም እንደሚችል ነገራት።

«የግድ ካልሆነ ለምን አስጠሩኝ?» አለች።

ተነሥታ ወጣች። በመተላለፊያው ስትሄድ ለራሷ የማለችው አንድ ነገር ነው፤ ከእንግዲህ የራሳቸው ጉዳይ። እሷ እናቷ አይደለችም፣ አባቷ አይደለችም፣ ጉልበቱም የእሷ አይደለም። ሃያ ሦስት ዓመት ሰው ስትለምን ኖራለች፤ የገዛ እግራችሁን አትስበሩ ብሎ መለመን ደግሞ ምን ዓይነት እንጀራ ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ፍጻሜው ላለመሄድ ወስና ቤቷ ዕቃ ታጥብ ነበር። ማጠቡ በሰላም አልነበረም። ሰሐኑ ከሰሐን፣ ክዳኑ ከድስት ሲጋጭ ባሏ ከሶፋው ሆኖ ብዙ ታገሠ። ሁለተኛው ብርጭቆ ሲሰበር ጋዜጣውን አጠፈ።

«ሂጂና አይተሽ ተመለሺ» አላት። «ይህ ቤት ሌላ ብርጭቆ የለውም።»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። ውስጡ አንድ ጥቅል ፕላስተርና ጭን የምትለካበት የጨርቅ ሜትር ነበር። በመንገድ ላይ ምን እንደምትናገር አሰበች፤ ምንም ያልተናገረችው ነገር እንደሌለ ስታውቅ መናገሩን ተወችው።

ግጥሚያው ሊጀመር ግማሽ ሰዓት ያህል ቀርቶታል። አዳራሹ ገና ግማሽ ነው። ፌንጣ የቡድኑን ልብስ ለብሳ፣ ጸጉሯን ወደ ኋላ ጠፍራ፣ ከመለማመጃው ጥግ ሰውነቷን ታሟሙቃለች። አባቷ ሙሉ ልብሱን ለብሶ መጥቷል፤ ከኮቱ ሥር ያቺው የብረት ሜትር ተሸጉጣለች። አሰልጣኙ እትዬ ገናነሽን ሲያይ ፊቱን እንደሚያዞር ሰው አደረገውና መልሶ ቀረበ። ክርክር ጠብቆ ነበር። እሷ ጎንበስ አለችና ወለሉ ላይ አንድ ቀጥ ያለ ፕላስተር ለጠፈች።

«አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቃችሁ» አለች። «በአንድ እግር ዘላ በዚያው እግር ትቁም። ሦስት ጊዜ በቀኝ፣ ሦስት ጊዜ በግራ። የግራው ከቀኙ አሥር እጅ ዘጠኙን ከደረሰ እኔ ራሴ እፈርማለሁ።»

አሰልጣኙ ጊዜ የለንም አለ። አናጺው ግን ተቆጣ፤ ልጄ ምን ፈርታ፣ ትዝለልና ነገሩ ይለቅ አለ። እትዬ ገናነሽ የጨርቅ ሜትሯን ስታወጣ አየና እጁን ዘረጋ። የልብስ ሜትር ይሳሳባል፣ አይታመንም አላት። የራሱን ከወገቡ መዘዘ፣ ሱሪውን ከጉልበቱ ሰብሰብ አድርጎ ተንበረከከ፣ የብረቱን ጫፍ ከፕላስተሩ ጠርዝ ጋር አገናኘ።

በቀኙ ዘለለች። አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። ሁለተኛው አንድ ከስልሳ፣ ሦስተኛው አንድ ከስልሳ ሦስት። አናጺው እያንዳንዱን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበ። ሁለት ሦስት የቡድኑ ልጆች መጥተው ቆሙ።

በግራዋ ስትቆም ፌንጣ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ዘለለች። አናጺው ሜትሩን ዘረጋ፣ አየው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ከአሥራ አምስት» አለ። ሁለተኛውን ዘልላ ስታርፍ በእጇ ወለሉን ደገፈች፤ አንድ ከአሥራ ሰባት። አናጺው ይህችን ዝላይ ሁለት ጊዜ ለካት። አንዴ ከተረከዝ፣ እንደገና ከተረከዝ። ቁጥሩ አልተለወጠም። ለሦስተኛው ጉልበቷን ስታጥፍ፣ ጉልበቱ ገና ሳትነሣ ወደ ውስጥ ተጣመመ። ሁሉም አዩት። ፌንጣ ቀና አለችና ሳትዘል ቀረች።

አናጺው እንደተንበረከከ ነው። ሜትሩን ቀስ እያለ ወደ ቤቱ መለሰው። ሰውየው ስድስት ወር ሙሉ ምክር አልገባው ብሎ ነበር፤ በገዛ ሜትሩ ግን አልዋሽም አለ።

«የበር መቃን በዚህ ያህል ቢዛባ በሩ አይዘጋም» አለ ለማንም ሳይሆን። ከዚያ ተነሥቶ ለአሰልጣኙ ልጄ አትገባም አለው።

አሰልጣኙ የሐኪም ወረቀት እንዳለ አስታወሰው።

«ወረቀቱን የጻፈው ሰው ለክቷል?» አለ አናጺው።

ፌንጣ አባቷን አላየችውም። ያየችው እትዬ ገናነሽን ነው። በስድስት ወር ተኩል ውስጥ አንድ ቀን እንኳን «እርስዎ» ከማለት ያልተዛነፈችው ልጅ «ደስ አለሽ አሁን?» አለቻት። ጫማዋን አወለቀች፣ በካልሲዋ ወለሉን አቋርጣ ወደ ልብስ መቀየሪያው ገባች። እትዬ ገናነሽ ፕላስተሩን ከወለሉ ላጠችና በእጇ ጠቅልላ ያዘችው። የምትጥልበት ቦታ ስላጣች እንጂ ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ቡድኑ ሦስት ለአንድ ተሸነፈ። መልማዮቹ መጡ፤ ከተጋጣሚው ቡድን ሁለት ልጆች መርጠው ሄዱ። ከዚያ በኋላ በትምህርት ቤቱ የተወራው ነገር ለጆሮ አይመችም። ፌንጣ ብትገባ ኖሮ ይሸነፉ እንዳልነበር የማያውቅ የጽዳት ሠራተኛ እንኳን አልተገኘም። አሰልጣኙ ወር ሙሉ ሰላም ሳይላት ከረመ። እትዬ ገናነሽን ያቃጠላት ስድቡ አልነበረም። ገብታ ጉልበቷ ቢበጠስ ኖሮ ሁሉም «ተናግራ ነበር» ይላት ነበር። ያልተሰበረ ነገር ግን ምስክር የለውም። እሷ ራሷም እኮ እርግጠኛ አይደለችም። ምናልባት ገብታ፣ ሃያ ጊዜ ዘልላ፣ ደህና ትወጣ ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገረችም፤ ለባሏም ጭምር።

ፌንጣ ለሦስት ሳምንት ቀረች። እትዬ ገናነሽ በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትል ነበር፤ ቀና በማለቷም በራሷ ትበሳጭ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ሰኞ ልጅቱ ያለ ሰላምታ ገባች፣ የሚያቃስተው ብስክሌት ላይ ወጣች፣ መንዳት ጀመረች። አንዳቸውም ስለ ቅዳሜው አላነሱም። ሃያ ስትላት ሃያ ሠራች። ትምህርት ካበቃ በኋላም መምጣቷን አላቋረጠችም። የበሩ ጥበቃ ከእንግዲህ ተማሪ አይደለሽም ብሎ ሲመልሳት፣ እትዬ ገናነሽ በሳምንት ሦስት ቀን በነጠላ ጫማዋ እስከ በሩ እየወጣች ታስገባት ነበር። በየጊዜው አንድ ዓይነት ክርክር፣ አንድ ዓይነት መዝገብ፣ አንድ ዓይነት ፊርማ። ጥበቃው በየጊዜው አዲስ ሰው እንዳየ ያህል መታወቂያ ይጠይቃል።

በአሥረኛው ወር በግራዋ አንድ ሜትር ከሃምሳ ሰባት ዘለለች፤ በቀኟ አንድ ከስልሳ አራት። የለካው አናጺው ነው፤ ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ሌላ ሰው አያስለካም። እትዬ ገናነሽ ፈረመች። ፌንጣ ወረቀቱን ተቀብላ እንደ መታወቂያ አጥፋ በኪሷ ከተተችው፤ አመሰግናለሁ አላለችም። በሩ ላይ ስትደርስ ግን ዞር ብላ «እትዬ፣ ደህና ይዋሉ» አለቻት፤ አክብሮቱ እንግዲህ ተመልሷል።

በቀጣዩ ዓመት ስሙ ያልገነነ አንድ ክለብ ለሙከራ ወሰዳት። ዝላይዋ እንደ ድሮው አልነበረም፤ ኳስ የምትመታበትን ቦታ ለሌላ ሰጥተው እሷን ከኋላ መስመር ኳስ ተቀባይ አደረጓት። መጀመሪያ ላይ እንደ ቅጣት ቆጥራው እንደነበር አባቷ ነው የተናገረው። ያ ሰው በሳምንት አንዴ ለእትዬ ገናነሽ እየደወለ ያልጠየቀችውን ሁሉ ይነግራታል፤ ልጅቱ በልታለች አልበላችም፣ አውቶቡሱ ዘግይቷል አልዘገየም። በመጨረሻም አንድ እሑድ ከሰዓት ለምኖ ለምኖ ግጥሚያ ይዟት ሄደ።

አዳራሹ ትንሽ ነው፤ ወንበሩ ጀርባ ያማል። አናጺው በግራዋ ተቀምጦ አፉ አላረፈም። ዳኛው ዕውር ነው፣ መረቡ አንድ ጎኑ ሁለት ሴንቲ ወርዷል፣ ወለሉን የሠራው ሰው ሙያ የለውም ይላል። ሁለት ጊዜ ዝም ይበሉ እባክዎ አለችው፤ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠይቆ ቀጠለ። ፌንጣ ጉልበቷን አጥፋ፣ ዝቅ ብላ፣ ከወለሉ አንድ ጋት ከፍታ ላይ የደረሱ ኳሶችን ወደ ላይ ትመልሳለች። በግራዋ ትረግጣለች፣ በግራዋ ትዞራለች፣ በግራዋ ተንሸራታ ትነሳለች። ወደ መቀመጫዎቹ አንድ ጊዜም አላየችም።

ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲያጨበጭብ እትዬ ገናነሽም ተነሣች። ሁለት ሰዓት ሙሉ ከአንድ ጉልበት ላይ ዓይኗን አላነሳችም ነበርና ማን እንዳሸነፈ አናጺውን መጠየቅ ነበረባት።